የተባይ መድኀኒት በሚረጭበት ጊዜ ሠራተኛውን ከጕዳት ስለ መጠበቅ

ተባይን፣ የዛፍን በሽታና አረምን ለማጥፋት በየእርሻው የሚረጨው ነገር ስሙ መድኀኒት ይባል እንጂ ባሕርዩ መርዝ ነው። ለአዝመራው መድኀኒት የኾነው ለተባዩ መርዝ ስለ ኾነ ነው። የትልና የአንበጣ ነርቭ ከሰው ነርቭ ጋራ በአሠራሩ ብዙ የሚመሳሰል ነውና፣ ከእነዚህ መድኀኒቶች ብዙዎቹ በአንዱ ላይ የሚሠሩትን በሌላውም ላይ ይሠራሉ፤ ልዩነቱ በመጠኑ ነው። መድኀኒቱን በጀርባው ተሸክሞ ከማለዳ እስከ ቀትር በእርሻው ውስጥ የሚመላለሰው ሠራተኛ፣ መጠኑ በቀን በቀን የሚጨመርበት እርሱ ነው።

ይህን ጽሑፍ አገር ለሚያስተዳድሩ ሹማምንትና ሰፊ እርሻ ለሚያሳርሱ ጌቶች የምናቀርበው የመድኀኒቱን ጥቅም ለመንቀፍ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. መጤው ተምች በበቆሎ ላይ፣ ከ2011 እስከ 2013 ዓ.ም. ደግሞ የበረሃ አንበጣ በብዙ አውራጃ ላይ በተነሣ ጊዜ፣ መርጫ ያልያዘ አገር ምን እንደሚያገኘው ኹላችንም አይተናል። ነገር ግን ጸሐፊው ባነበባቸው ብዙ የዕርጭት መግለጫዎች ውስጥ ይህን ያህል ሄክታር ተረጨ፣ ይህን ያህል ሊትር ወጪ ኾነ የሚል ቊጥር ተጽፎ ሲገኝ፣ ከረጪዎቹ ስንት ሰው ራሱን አዞረው፣ ስንቱ አስመለሰው የሚል መስመር አላገኘም። ያልተቈጠረ ጕዳት ደግሞ እንደሌለ ይቈጠራል።

ነገሩ ምን ያህል ሊከፋ እንደሚችል ለማሳየት በፓኪስታን የኾነውን እንናገር። በዚያ አገር የወባን ትንኝ ለማጥፋት የቤት ግድግዳ የሚረጩ፣ መድኀኒቱን የሚበጠብጡና ሥራውን የሚቈጣጠሩ 7,500 ያህል ሰዎች ነበሩ። አስቀድሞ ብዙ ዘመን የሚረጩት ዲዲቲ ነበር። ዲዲቲ በተፈጥሮ ላይ የሚያደርሰው ጕዳት ብዙ ቢኾንም፣ ዱቄቱ የረጪውን ቈዳ ቢነካ ወዲያው የሚጥል አይደለምና፣ ሠራተኞቹ በባዶ እጃቸው መበጥበጥን፣ በረጠበ ልብስ ውለው ማደርን ለምደው ነበር። በኋላ ትንኙ ዲዲቲን ስለ ተላመደ መድኀኒቱ በማላታዮን ተለወጠ፤ የሰዎቹ ልማድ ግን አልተለወጠም። በ1968 ዓ.ም. ክረምት፣ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1976 መኾኑ ነው፣ በሐምሌ ወር ብቻ 2,800 ያህል ሰዎች እንደ ታመሙ ተገምቷል፤ 5 ሰዎችም ሞቱ። ሐኪሞች መጥተው በመረመሩ ጊዜ ኹለት ምክንያት አገኙ። አንደኛው፣ ከመድኀኒቱ አንዳንዱ ዐይነት ውስጥ ኢሶማላታዮን የሚባል፣ ማላታዮን ሲበላሽ የሚወለድና ከእርሱ ይልቅ የሚከፋ መርዝ በዝቶ መገኘቱ ነው። ኹለተኛው ሠራተኞቹ መድኀኒቱን በቈዳቸው መጠጣታቸው ነው። በሚተነፍሱት አየር ውስጥ የተገኘው መጠን እጅግ ጥቂት ነበር። ክፉዎቹ ዐይነቶች ከሥራ ወጥተው፣ አሠራሩም ተስተካክሎ ቊጥጥር በተደረገ ጊዜ በሽታው ቆመ። ለዚህ የተደረገው ነገር የሚያስደንቅ ጥበብ አልነበረበትም፤ ሳሙና፣ ውሃ፣ የሚለወጥ ልብስና ሥራውን የሚያይ አለቃ ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንይዘው አንድ ነገር አለ፤ የቀረውም ጽሑፍ በእርሱ ላይ የቆመ ነው። ብዙ ሰው የዕርጭት ጕዳት በአፍንጫ ብቻ የሚገባ ስለሚመስለው፣ ነጠላውን በአፉ ላይ አስሮ እግሩን ባዶ አድርጎ ይሄዳል። በክፍት ሜዳ ግን ትልቁ በር ቈዳ ነው።

አስቀድመን ከመርጫው አፍ የሚወጣው ጉም ምን እንደ ኾነ እንመልከት። ጉሙ ለዐይን አንድ ይመስላል እንጂ ውስጡ ትልልቅና ትንንሽ ጠብታ የተደባለቀበት ነው። የጠብታ ስፋት የሚለካው በማይክሮን ነው፤ አንድ ሚሊሜትር 1,000 ማይክሮን ይኾናል፤ የሰው ጠጕር ውፍረት ወደ 70 ወይም 80 ማይክሮን ይጠጋል። ነፋስ በሌለበት ቦታ 100 ማይክሮን የኾነ ጠብታ ከ3 ሜትር ከፍታ ምድር ለመድረስ 10 ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። 20 ማይክሮን የኾነው ከ4 ደቂቃ በላይ፣ 5 ማይክሮን የኾነው ደግሞ አንድ ሰዓት አልፎት ይቈያል። ስለዚህ ረጪው ሥራውን ጨርሶ መርጫውን ካወረደ በኋላ እንኳ፣ ዐይን የማያየው ደቃቅ ብናኝ ገና በአየር ውስጥ ተንሳፎ ይገኛል፤ ቀላል ነፋስም ቢነሣ ወደ ጐረቤት ማሳ፣ ወደ ቀፎ፣ ወደ ምንጭና ልጆች ወደሚጫወቱበት ደጅ ይወስደዋል። ከ10 ማይክሮን የሚያንሰውም በአፍንጫ ጠጕርና በጕሮሮ ሳይያዝ ወደ ሳንባ ጥልቅ ሊገባ ይችላል። ደግሞም አየሩ ሞቃትና ደረቅ ሲኾን በጠብታው ውስጥ ያለው ውሃ በመንገድ ላይ ይተናል፤ ትልቅ ኾኖ የወጣው ጠብታ ትንሽ ኾኖ ይቀራል፤ በውስጡ ያለው መርዝ ግን አልቀነሰም።

በዚህ ነገር ላይ በሠራተኞች ዘንድ አንድ የጸና ስሕተት አለ። ጉሙ በደቀቀ መጠን መድኀኒቱ የሚሠራ ስለሚመስላቸው የመርጫውን እጀታ ያለ ልክ ይስባሉ፤ ኖዝል የሚባለውንም የመርጫ አፍ አጥብበው ያስሩታል። 400 ማይክሮን የነበረ አንድ ጠብታ ወደ 100 ማይክሮን ቢደቅ 64 ጠብታ ይኾናል። ለአንዳንድ ተባይ ይህ ይጠቅም ይኾናል፤ ለአረም መድኀኒት ግን፣ ይልቁንም ቱፎርዲ ለሚባለው፣ ከጥቅሙ ጕዳቱ ይበልጣል፤ የጐረቤትን ባቄላና ሽምብራ አቃጥሎ ሽማግሌ የሚያስቀምጠው ይኸው ነው። ስለዚህ ለሥራው የሚበቃውን ያህል ትልቅ ጠብታ የሚያወጣ ኖዝል መምረጥና በለዘበ ግፊት መርጨት ይገባል። ያረጀና የተቦረቦረ ኖዝልም ይለወጥ፤ ዋጋው በከንቱ ከሚፈሰው መድኀኒት እጅግ ያነሰ ነው።

ቈዳ ኹሉ አንድ እንዳልኾነም ማወቅ ያሻል። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1971 በታተመ ምርመራ ፓራታዮን የሚባለውን መድኀኒት በጥቂቱ በሰው ገላ ላይ ልዩ ልዩ ቦታ ቀብተው ምን ያህሉ ወደ ውስጥ እንደሚገባ መዝነው ነበር። በክንድ ላይ ከተቀባው ከመቶ 9 ያህሉ ገባ፤ በግንባር ከመቶ 36፤ በብብት ከመቶ 64፤ በወንድ ብልት ከረጢት ላይ የተቀባው ግን ጨርሶ ገባ ማለት ይቻላል። ይህን የምንጽፈው ያለ ዕፍረት አይደለም፤ ነገር ግን ሠራተኛው ይህን ካላወቀ፣ መድኀኒት በነካ እጁ ሽንቱን ሲሸና፣ ወይም ጭኑ እስኪርስ ድረስ በተረጨ ቡቃያ ውስጥ ሲያልፍ ምን እያደረገ እንደ ኾነ አይረዳም። ላብም የቈዳን በር ይከፍታል። በቈላ የሚረጭ ሰው ከደጋው ይልቅ የሚጐዳው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። የታዘለው መርጫ ክዳኑ ወይም ጐማው ላልቶ ሲያንጠባጥብ ደግሞ፣ ጀርባውና መቀመጫው ቀኑን ሙሉ በመርዝ ይታጠባል፤ ላብ ስለሚመስለውም ልብ አይለውም። ስለዚህ ማንኛውም መርጫ መድኀኒት ሳይገባበት በፊት ጥሩ ውሃ ተሞልቶ፣ ተነፍቶ፣ የሚያንጠባጥብ መኾን አለመኾኑ ይታይ። ካቦው ይህን ሳያይ ማንንም ወደ ማሳ አያሰማራ።

ማላታዮንንና ኦርጋኖፎስፌት የሚባሉትን ዘመዶቹን በሚመለከት፣ መርዙ በገላ ውስጥ የሚሠራው እንዲህ ነው። ነርቭ ለጡንቻና ለዕጢ ትእዛዝ የሚያደርሰው አሴቲልኮሊን በሚባል ንጥረ ነገር ነው። ትእዛዙ እንደ ደረሰ ኮሊንኤስትሬዝ የተባለ ሌላ ንጥረ ነገር መጥቶ መልእክተኛውን ጠርጎ ያስወግደዋል፤ ጡንቻውም ያርፋል። መድኀኒቱ ግን ይህን ጠራጊ ይይዘውና ሥራ ያስፈታዋል። ያን ጊዜ ትእዛዙ ሳያቋርጥ ይደጋገማል፤ ላብ ይፈሳል፣ ምራቅና እንባ ይበዛል፣ የዐይን ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ይጠባል፣ ሆድ ይቈርጣል፣ ያስመልሳል፣ ጡንቻ በየቦታው ይርገበገባል፣ በመጨረሻም መተንፈሻው ይዝላል። የተያዘው ጠራጊ ተተክቶ ወደ ቀድሞ ልኩ ለመመለስ ሳምንታት፣ አንዳንድ ጊዜም ወራት ያስፈልጉታል። በዚህ ምክንያት ሰኞ ጥቂት፣ ማክሰኞ ጥቂት የጠጣ ሰው፣ ሰኞም ማክሰኞም ምንም ሳይሰማው ውሎ ዐርብ ዕለት ሊወድቅ ይችላል። አለቃውም፣ ትናንት በዚሁ ሥራ ደኅና ውሎ ነበር፣ ዛሬ ምን ነካው ይላል፤ ጐረቤቶቹም ምች መታው ብለው ዳማ ከሴ ያሸቱታል። ሲረጭ የዋለ ሰው ራሱን አመመኝ፣ ዐይኔ ደበዘዘ፣ አስመለሰኝ ባለ ጊዜ ምችና ወባ ከመባሉ በፊት መርዝ ይጠርጠር።

ከሥራው ኹሉ የሚያስፈራው ሰዓት መርጨቱ ሳይኾን መበጥበጡ ነው። በጠርሙስ ያለው ገና ውሃ ያልነካው ጥሬ መድኀኒት ነውና፣ 1 ሊትሩ በ200 ሊትር ውሃ የሚበጠበጥ ቢኾን፣ በእጅ ላይ የፈሰሰ አንድ ጠብታ ጥሬ መድኀኒት ከተበጠበጠው 200 ጠብታ ጋራ ይተካከላል። ጸሐፊው በአንድ ወቅት ለሥራ ወደ አንድ እርሻ በሄደ ጊዜ፣ አንድ ጐልማሳ ሰው ባዶ ክንዱን እስከ ብብቱ በበርሜል አስገብቶ ሲያማስል አይቶ ዱላ ለምን እንዳላበጀ ቢጠይቀው፣ ዱቄቱ ከሥር ይረጋልና በእጅ ካልተፈለገ አይሟሟም ብሎ መለሰለት። የእርሻው አለቃ በዚያው ቆሞ ነበር፤ ነገሩም እንደ ትጋት ተቈጥሮለት ነበር። መበጥበጫ ረጅም ዱላ፣ ምልክት ያለበት መስፈሪያና የጐማ ጓንት ከመድኀኒቱ ጋራ አብረው ይገዙ። መስፈሪያው የጠርሙስ ክዳን ወይም የሻይ ብርጭቆ አይኹን፤ በቤት ውስጥ ለምግብ የሚያገለግል ዕቃ አንድ ጊዜ ለዚህ ሥራ ከገባ ወደ ቤት አይመለስ። የሚበጠብጠው ሰው ነፋሱን ወደ ጀርባው አድርጎ፣ ዐይኑን በመነጽር ሸፍኖ፣ ከጕድጓድ ውሃና ከወንዝ ርቆ ይሥራ።

ስለ ነፋስ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ከነፋስ ጋራ እርጩ የሚል ነው፤ ይህ ግን ጐደሎ ትምህርት ነው። ትክክለኛው አካሄድ ነፋሱን በጐን አድርጎ፣ ሥራውን ነፋሱ ከሚወጣበት ዳር ጀምሮ፣ በእያንዳንዱ ምልልስ ወደ ነፋሱ መምጫ እየገፉ መሄድ ነው። እንዲህ ሲደረግ ጉሙ ኹልጊዜ ወደ ተረጨው ወገን ይነዳል፤ ረጪው ደግሞ ኹልጊዜ ገና ባልተረጨ ደረቅ መሬት ላይ ይራመዳል። ብዙዎች ሲረጩ መርጫውን ከፊታቸው ግራና ቀኝ እያወዛወዙ ወደ ረጩት ቡቃያ ውስጥ ይገባሉ፤ በዚህም ጊዜ ጭንና ጕልበታቸው ከእጃቸው ይልቅ ይርሳል። ብዙ ሰዎች በአንድነት ሲረጩም ጐን ለጐን ተሰልፈው አንዱ የሌላውን ጉም እንዲጠጣ ኾነው አይሂዱ፤ በነፋሱ መውጫ በኩል ያለው ይቅደም፣ ሌላው በኋላው በሰያፍ ይከተል።

ሰዓቱን በሚመለከት፣ በቀትር ሙቀት መርጨት ክፉ እንደ ኾነ ኹሉ ያውቃል። ነፋስ ፈጽሞ በሌለበት ማለዳ መርጨት ግን ደግ ይመስላል፤ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ከመንደሩ የሚወጣው የጎጆ ጢስ ወደ ላይ መውጣትን ትቶ በሜዳው ላይ እንደ ነጠላ ተዘርግቶ ከታየ፣ በምድር ላይ ያለው አየር ቀዝቅዞ በላዩ ያለው ሞቅ ያለ አየር ከድኖታል ማለት ነው። ያን ጊዜ የተረጨው ደቃቅ ብናኝ ሳይበተን እንደ ጢሱ ተኝቶ ወደማይታሰብበት ቦታ ይንሸራተታል። ጢሱ ተነሥቶ ዘንበል እያለ መውጣት ሲጀምር፣ የዛፍ ቅጠልም በቀስታ ሲነቃነቅ ሥራው ይጀመር። ቀንበጥና ቀጭን ቅርንጫፍ ሲወዛወዝ፣ አቧራም ሲነሣ ይቁም። አበባ ባለበት ማሳ ላይ ከኾነ ንብ ከምትሰማራበት ሰዓት ውጭ፣ ወደ ማታ መርጨት ይሻላል፤ ባለቀፎዎችም አስቀድመው ይነገራቸው።

ለአንበጣ የሚረጨው ከዚህ የተለየ ነው። እርሱ ውሃ ሳይጨመርበት፣ በሄክታር 1 ሊትር ወይም ከዚያ ያነሰ ኾኖ፣ በነፋስ እንዲሄድ ታስቦ ሆን ተብሎ የደቀቀ ጉም ነው። ስለዚህ በጀርባ መርጫ የለመደ ሰው ያንኑ ልማዱን ይዞ ወደ አንበጣ ዕርጭት ከገባ ጥሬ መድኀኒት እንደሚረጭ ይወቅ፤ በዚህ ሥራ ላይ ያልተማረ ሰው ጨርሶ አይመደብ።

በተዘጋ ቤት ውስጥ፣ ማለት በአበባና በአትክልት ማብቀያ የላስቲክ ቤት፣ በጎተራና በመጋዘን፣ ስለ ቈዳ የተናገርነው እንዳለ ኾኖ የአፍንጫው በር ደግሞ በሰፊው ይከፈታል። በሜዳ ላይ ነፋስ የሚበትነው ደቃቅ ብናኝ በዚያ መሄጃ የለውምና ለሰዓታት ይንሳፈፋል። ሲረጭ ከረጪዎቹ በቀር ማንም በውስጡ አይኑር፤ ረጪዎቹም ከውስጠኛው ጫፍ ጀምረው ወደ በሩ እያፈገፈጉ ይርጩ። ከዚያ በኋላ በሩ ላይ የተረጨበት ሰዓትና መግባት የሚፈቀድበት ሰዓት ይጻፍ። ይህ ሰዓት በመድኀኒቱ ዕቃ ላይ ታትሞ ይገኛል፤ በክፍት ማሳ ላይ ግን ታትሞ ካልተገኘ ቢያንስ እስከ ማግሥቱ ማንም እንዳይገባ እንመክራለን። የላስቲክ ቤቱም አስቀድሞ ተከፋፍቶ አየር ሳያገኝ አበባ ቈራጮች አይግቡ። ቅጠሉ ቢደርቅም መርዙ በቅጠሉ ላይ ስላለ ቈራጮቹ ጓንትና ባለ ረጅም እጅጌ ልብስ ያስፈልጋቸዋል።

አኹን ስለ ልብስ እንናገር፤ እዚህ ላይ ከመጻሕፍት ትእዛዝና ከአገራችን ኑሮ መካከል ርቀት እንዳለ አንሸሽግም። የሚገባው ልብስ ባለ ረጅም እጅጌ ቱታ፣ የጐማ ቦቲ፣ ፈሳሽ የማያሳልፍ የጐማ ጓንት፣ ባርኔጣና መነጽር፣ ለመበጥበጥ ደግሞ የላስቲክ ሽርጥ ነው። ሱሪው ከቦቲው ውጭ ይውረድ፤ ውስጥ ከገባ የሚወርደው ፈሳሽ ቦቲውን ይሞላዋል። ወደ ታች ሲረጭ እጅጌው ከጓንቱ በላይ፣ እንደ ቡናና ማንጎ ወዳለ ዛፍ ሽቅብ ሲረጭ ግን ጓንቱ ከእጅጌው በላይ ይኹን። የጨርቅና የቈዳ ጓንት መርዙን ጠጥቶ እጅ ላይ አስሮ ስለሚያቈየው ከባዶ እጅ ላይሻል ይችላል። በአፍ ላይ የሚታሰር ነጠላም እንዲሁ ነው፤ ደቃቁንም ብናኝ ትነቱንም አያቆምም፤ በረጠበም ጊዜ መርዙን በከንፈር ላይ ለጥፎ ያውላል። በተዘጋ ቤት ለሚሠራና ጽሑፉ ለሚያዘው መድኀኒት ብናኝንና ትነትን የሚይዝ ከሰል ያለበት ማጣሪያ የተገጠመለት ጭንብል ያስፈልጋል። ማጣሪያው ዘላለማዊ አይደለም፤ ሽታ ከተሰማ አልፎበታል ማለት ነው። ጢም ያለው ሰው ጭንብሉ በፊቱ ላይ ስለማይገጥምለት ጢሙን ይላጭ፣ ወይም ጢሙን የሚያከብር ከኾነ በሌላ ሥራ ይመደብ።

ይህን ኹሉ ለብሶ በአዋሽ ወይም በመተማ ቈላ መሥራት እጅግ የሚያስጨንቅ መኾኑን እናውቃለን። ሠራተኛው ልብሱን አውልቆ በጥላ ሥር ቢያስቀምጥ ሰነፍ ነው ብሎ መቈጣት አይጠቅምም። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት ያወጡት የመድኀኒት አያያዝ ደንብ፣ የማይመች ወይም ውድ የኾነ መከላከያ ልብስ ካልተለበሰ ሊያዝ የማይችል መድኀኒት በሞቃት አገር ለሚሠሩ ሠራተኞችና ለአነስተኛ ገበሬዎች እንዳይቀርብ ይመክራል። ስለዚህ ጥንቃቄው የሚጀምረው ከግዢው ነው። በመድኀኒቱ ዕቃ ግርጌ ያለው የቀለም መቀነት ለማንበብ ለማያውቅም ይናገራል፤ ቀዩ እጅግ የከፋው፣ ብጫው ቀጥሎ የሚያሰጋው፣ ሰማያዊው ያነሰው፣ አረንጓዴው ከኹሉ የቀለለው ነው። ለሥራው ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ የሚበቃ ሲኾን በዋጋው ረከሰ ብሎ ቀዩን መግዛት፣ የዋጋውን ልዩነት ከሠራተኛው ገላ መክፈል ነው። ሥራውም በቀዝቃዛው ሰዓት ለአጭር ጊዜ፣ በተራ ይኹን። የታጠበና የደረቀ የጥጥ ሱሪና ሸሚዝ በየቀኑ መለወጥ፣ በመጋዘን ተሰቅሎ ከሚቀር ውድ ቱታ ይሻላል።

ግዴታው የማን ነው ለሚል ሰው ሕጉ መልሶለታል። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቊጥጥር ዐዋጅ ቊጥር 674/2002 ያልተመዘገበ መድኀኒት እንዳይሸጥና በሥራ ላይ እንዳይውል ይከለክላል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቊጥር 1156/2011 ደግሞ አሠሪው ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ መሣሪያና ልብስ እንዲሰጥ፣ አጠቃቀሙንም እንዲያስተምር ያስገድዳል፤ ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የኾነ ልጅ እንዳይቀጠር፣ 18 ዓመት ያልሞላውም በአደገኛ ሥራ እንዳይመደብ አዟል። በዕርጭት ጊዜ ውሃ ቀጂ ተብለው የሚሰለፉት ብዙዎቹ ልጆች መኾናቸውን ሹማምንት ልብ ይበሉ። ከሕጉም በፊት ኦሪት ዘዳግም አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከሰገነቱ ላይ ሰው ወድቆ ደም እንዳይኾንበት ዙሪያውን እንዲከልል አዝዟል። ትእዛዙ የተሰጠው ለባለቤቱ እንጂ በሰገነቱ ላይ ለሚወጣው እንግዳ አይደለም። መድኀኒቱን ገዝቶ፣ መርጫውን አሳዝሎ፣ ሂድ እርጭ ያለ ጌታም፣ ሠራተኛው ራሱ አልጠነቀቅም አለ በማለት ከዕዳው ነጻ አይወጣም።

ከሥራ በኋላ ስላለው ነገር በአጭሩ እንጻፍ። በዕርጭቱ ቦታ ለመታጠቢያ ብቻ የሚኾን አንድ ጀሪካን ጥሩ ውሃና ሳሙና ሳይቀመጥ ሥራ አይጀመር። ሠራተኛው ሳይታጠብ አይብላ፣ አያጭስ፣ ጫትም አይቃም። የተደፈነ ኖዝል በአፍ አይነፋ፤ በሣር አገዳ ወይም በአሮጌ የጥርስ ቡሩሽ ይጠረግ። የተለበሰው ልብስ ከቤተ ሰቡ ልብስ ተለይቶ ይታጠብ፤ ይህን ልብስ የምታጥበው ሚስቱ መኾኗንና እርሷም ጓንት እንደሚያሻት አንዘንጋ። ባዶው ጠርሙስ 3 ጊዜ ታጥቦ፣ እጣቢው ወደ መርጫው ተገልብጦ፣ ጠርሙሱ ይበሳ። ሳይበሳ የቀረ ቆንጆ ጀሪካን በሳምንቱ በገበያ የዘይት ወይም የጠላ መያዣ ኾኖ ይገኛል። መድኀኒትም በችርቻሮ በውሃ ፕላስቲክ ተቀድቶ እንዳይሸጥ የወረዳ ሹማምንት ይከልክሉ። ከሚያስፈልገው በላይ ገዝቶ ማከማቸትም ሌላ መከራ ነው፤ አገራችን ከብዙ ዓመት በፊት ተገዝቶና በዕርዳታ መጥቶ የተበላሸ ከ1,000 ቶን በላይ መድኀኒት በመርከብ ጭና ወደ ፊንላንድ ልካ ለማቃጠል ተገድዳ እንደ ነበር አይዘነጋም። የፓኪስታኑም መርዝ በዕቃው ውስጥ ሲበላሽ የከፋ እንደ ነበር ከላይ አይተናል።

ሰው ከታመመ የመጀመሪያው ነገር ከቦታው ማራቅ ነው። የሚያነሣው ሰው ጓንት ያድርግ። ልብሱ ኹሉ ይውለቅ፤ ገላው፣ ጠጕሩና ጥፍሩ ሥር ሳይቀር በሳሙናና በብዙ ውሃ ይታጠብ። መድኀኒት የገባበት ዐይን በሚፈስ ጥሩ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል ይታጠብ። ራሱን ከሳተ በጐኑ ይተኛ። እንደ ልማድ ወተት ማጠጣትና በግድ ማስመለስ አይገባም፤ ወተት መርዙን አያረክሰውም፤ ብዙዎቹም መድኀኒቶች ላምባ በመሰለ ፈሳሽ የተበጠበጡ ስለ ኾኑ፣ ሲያስመልስ ወደ ሳንባ ገብቶ ሌላ ጕዳት ያደርሳል። ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ፤ ከእርሱም ጋራ የመድኀኒቱ ዕቃ ወይም በላዩ የተለጠፈው ጽሑፍ ይሂድ። ሐኪሙ የማላታዮንን ወገን መኾኑን ካወቀ አትሮፒን የሚባል ማርከሻ አለው፤ መርዙ ምን እንደ ኾነ ሳያውቅ ግን ሰዓቱ በጥርጣሬ ያልፋል። የተመረዘ ሰው ቢሻለውም ሐኪም ሳይፈቅድለት ወደ ዕርጭት ሥራ አይመለስ፤ ደመወዙ እንዳይቀርበት በሌላ ሥራ ይመደብ፤ አለዚያ ሕመሙን ደብቆ ይመለሳል።

የዕርጭት ወራት ከመድረሱ በፊት እያንዳንዱ ወረዳ በአቅራቢያው ካለው ጤና ጣቢያ አትሮፒን መኖር አለመኖሩን ይጠይቅ፤ የጣቢያውን ስምና የስልኩን ቊጥርም በመድኀኒቱ መጋዘን በር ላይ በትልቅ ፊደል ጽፎ ይለጥፍ። በዕርጭቱ መግለጫ ላይ ከሄክታሩና ከሊትሩ ቀጥሎ የረጪዎቹ ስም፣ የረጩበት ቀንና ሰዓት፣ የመድኀኒቱ ስም፣ የታመመ ሰው ካለም የሕመሙ ምልክት ይጻፍ፤ የታመመ ከሌለም የለም ተብሎ ይጻፍ እንጂ መስመሩ ባዶውን አይተው።